የተረሳ ሸክላ ፍለጋ፦ ከቆራሌው ጆንያ እስከ ተዘጋው ቡና ቤት

ፒያሳም መርካቶም በግልጽ የድሮ የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ሄዳችሁ ግዙ፣ ምንም ችግር የለውም። ግን እዚያ የደረሰ ሸክላ ዋጋውን አውቆ ነው የደረሰው። ደላላ ገምቶታል፣ ፈረንጅ አይቶታል፣ ተወልውሎ በላስቲክ ተጠቅልሏል። የኔ ሱስ ሌላ ነው። አንድ ሰው ድሮ አስቀምጦት ከዚያ ወዲህ ማንም ያልነካውን ነው የምፈልገው። ብፌ ሥር የተረሳውን፣ ቆጥ ላይ የተወረወረውን፣ ቁልፉ የጠፋ ዕቃ ቤት ውስጥ ያለውን።

እንጀራዬ ሒሳብ ሥራ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የሰው በር አንኳኳለሁ። ባለቤቴ «ሰው ቅዳሜ ልብስ ያጥባል» ይለኛል። ልብሱንም የሚያጥበው እሱ ነው፣ እውነት ለመናገር። «ከየት ነው የምታመጪው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ የማውቀውን ልዘርግፈው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

መጀመሪያ ሰውየውን ፈልጉ

ጀማሪ ሁሉ ቦታ ነው የሚጠይቀው። «የት ሰፈር ይሻላል?» ይላል። እኔ የምፈልገው ሰው ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል።

በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1969 ዐምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ይህን ጥሶ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹን ሕንድ አገር ነው ያሳተመው። በኋላ ሥራው ወደ ሊባኖስና ግሪክ ዞረ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቆች አወጣ። ከዚያ አሜሪካ ገባ። ፊሊፕስ የሚባለው የውጭ ኩባንያም በዚያው ዘመን ያሳትም ነበር። ዓሊ አብደላ ኬይፋ የሚባል ሌላ አሳታሚ በ1970ዎቹ ተከተለ። አሥርቱ ዓመት ሳያልቅ ካሴት መጣና ሸክላ ቀረ።

እንግዲህ ደህናው ዘመን በጠቅላላው አሥር ዓመት ቢሞላ ነው። ያን ጊዜ ሸክላ ማን ይገዛ ነበር? ደመወዝ ያለው፣ ቤቱ መብራት የገባለት፣ ዳንስ የሚወድ ወጣት። አስተማሪ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የአየር መንገድ ሰው፣ ደብረ ዘይት ያለ የአየር ኃይል ባልደረባ፣ ድሬዳዋ ያለ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ጅማ ያለ የቡና ነጋዴ ልጅ። በ1970 ሃያ አምስት ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ሰማንያ አልፎታል። ስለዚህ ለቅሶ ቤት፣ ዕድር፣ የጡረተኞች ማኅበር፣ የሰፈር ቡና ላይ ስትቀመጡ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። «አባቴ አራዳ ነበር፣ ዳንስ ቤት አይቀርበትም ነበር» የምትል ሴት ከሰማችሁ አድራሻዋን ያዙ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር መርካቶን ሙሉ ቀን ከመዞር ትበልጣለች።

ቆራሌውን ወዳጅ አድርጉት

ማንም ሰው ከቆራሌ በላይ የሰው ጓዳ አያውቅም። የትኛው ቤት እንደሚፈርስ፣ ማን ወደ ኮንዶሚኒየም እንደሚገባ፣ የማን ልጆች የእናታቸውን ዕቃ እያወጡ እንደሆነ ቀድሞ ይሰማል። ችግሩ ሸክላ ለእሱ ጥቅም የለውም። ብረት አይደለም፣ ጠርሙስ አይደለም፣ ጫማ አይደለም። ሲሰጡት እንኳ አይወስደውም። ወይ ለልጅ መጫወቻ ይሆናል፣ ወይ ቆሻሻ ገንዳ ይገባል። የዶሮ ቤት ቀዳዳ የደፈነ ሸክላ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ የሰፈራችሁን ቆራሌ አስቁሙና አንድ ተራ ሸክላ አሳዩት። «እንዲህ ያለ ጥቁር ክብ ነገር ካየህ፣ ቢሰነጠቅም ደውልልኝ» በሉት። ስልካችሁን ስጡት። ዋናው ነገር፣ ደውሎላችሁ ሄዳችሁ ባዶ ቢሆንም የካርድ ስጡት። ባዶ ጥሪ ያልተከፈለበት ቆራሌ ሁለተኛ አይደውልም። የልዋጭ ሴቶችም እንዲሁ ናቸው፤ እንዲያውም እነሱ ጓዳ ድረስ ስለሚገቡ ይሻላሉ።

ከቆራሌው ያመለጠው ብዙ ጊዜ መርካቶ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። በጠዋት ሂዱ፣ ዕቃው ሳይለያይ። ሸክላ አለ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ «የለም» ነው መልሱ። የተሰበረ ራዲዮ፣ የግራማፎን ሳጥን፣ የድሮ ስፒከር ካያችሁ ከየትኛው ቤት እንደመጣ ጠይቁ። ማጫወቻው ከወጣ ሸክላው እዚያው ቤት ቀርቷል ማለት ነው።

መቼ?

ጳጉሜ። ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ፣ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ሳጥን ይወጣል። ከፋሲካ በፊት ያለው ሳምንትም ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዕቃ ቤት አታስከፍቱ፤ እርጥበት ነው፣ ወረቀቱ በእጃችሁ ላይ ይላጣል።

ሰፈር ሲነሳም ብዙ ነገር ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሰው ቤቱ እየፈረሰበት «ሸክላ አለዎት?» ማለት ነውር ነው። መሄድ ካለባችሁ ሶፋ ለመሸከም ሂዱ። እኔ ሰው አስከትዬ ዕቃ ጭኜ አውቃለሁ። ምንም ሳይገኝ፣ አዲሱ ቤታቸው ገብተው ከተረጋጉ በኋላ የተደወለልኝ ጊዜ አለ።

ድሬዳዋ ላይ ያየሁት

ድሬዳዋን ለብቻዋ ላንሳ፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ከተማ ናት። ባቡር በ1902 ነው የደረሳት፣ አዲስ አበባ በ1917። የጅቡቲ ወደብ ዕቃ ለዓመታት መጀመሪያ የሚራገፈው እዚያ ነበር። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመናዊውም፣ ሕንዱም ሱቅ ነበረው። አየሩ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ሻጋታ እምብዛም የለም። ጠላቱ ሙቀት ነው።

«ከዚራ» የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ የተዘጋ ቡና ቤት አለ። ፊት ለፊቱ ዛሬ የሞባይል ሱቅ ነው። ባለቤቷ አሮጊት ናቸው፣ ከኋላ ባለው ክፍል ይኖራሉ። ያገኘኋቸው ጡረታ በወጣ የምድር ባቡር ሰው በኩል ነው። ሁለት ከሰዓት ሙሉ ቡና ስንጠጣ ስለ ሸክላ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። በሦስተኛው ላይ ራሳቸው «አንቺ ልጅ ምን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁና «አቦ! ያን ቆሻሻ? ነይ» ብለው ከመጋረጃ ጀርባ ያለውን በር ገፉት።

ውስጡ ጨለማ ነበር። ጥግ ላይ የጁክ ቦክስ፣ ማለትም ሳንቲም ሲከተትበት የተመረጠውን ሸክላ የሚያጫውት ሣጥን፣ ቀፎ ቆሟል። ሞተሩ ወጥቷል፣ መስታወቱ ግን አለ። ከሥሩ ሁለት የቢራ ሳጥን። ጠርሙስ የሚገባበት ክፍፍል ተነቅሎ፣ ሸክላ ጎን ለጎን ቆሞ ተደርድሮበታል። አቧራው አንድ ጣት ይሆናል። ልቤ ድው ድው እያለ የስልኬን መብራት አበራሁ። እያንዳንዱ ሸክላ መሃል ላይ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ፊደልና ቁጥር ተጽፏል።

አንዱን አንስቼ የዘፋኙን ስም አነበብኩላቸው። አላወቁትም። ቁጥሩን ስነግራቸው ግን ፊታቸው በራ። ስሙኒ ከትቶ የሚጫነው ቁልፍ ነው ያ ቁጥር። እሳቸው ዘፈኖቹን የሚያውቋቸው በቁልፋቸው ነው። «ቢ ስድስት ሲመታ ጠብ አይቀርም ነበር» አሉ። «ዲ ሁለትን የሚያስመታ አንድ የጉምሩክ ሰው ነበር፣ ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚቀመጠው።» ሸክላዎቹን ወደ ብርሃን አዙሬ አየኋቸው። ብዙዎቹ አንዱ ገጻቸው ግራጫ ሆኗል፣ ሌላው እንደ አዲስ ያንጸባርቃል። ሰው የሚወደው አንዱን ገጽ ነበር፤ ጀርባው ያለው ዘፈን ለሃምሳ ዓመት ማንም አልሰማውም። ጀርባውን ከመስማት የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሣጥን ፊት ቆሜ ነው ይህ ሱስ የጸናብኝ።

ቁልፍ ለቁልፍ እየጠየቅሁ የሚሉትን ሁሉ በስልኬ ቀዳሁ። ይህን እንድታደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። የሸክላው ቅጂ ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። ዲ ሁለትን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በር ላይ ምን ይባላል?

ብቻችሁን ድንገት አትሂዱ። የሚያውቃቸው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትግቡ፤ ቡና ወይም ስኳር ይበቃል። ዋጋ በመጀመሪያው ቀን አታንሱ። «ጋሼ፣ በወጣትነትዎ የት የት ይጨፍሩ ነበር?» ብሎ መጀመር፣ «ሸክላ ይሸጣሉ?» ከማለት መቶ ጊዜ ይሻላል። ልጆቻቸው ካሉ ልጆቹም ይስሙ፣ አለበለዚያ ነገ «እናታችንን አታለሻት» ይመጣል።

ስለ ዋጋም ግልጽ ልሁን። ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ የድሮው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በተከታታይ ሲዲ ሲወጣ፣ የዓለም ሰብሳቢ ሁሉ ወደ እኛ ሸክላ ዞረ። ስለዚህ ዋጋ አለው። ይህን ለባለቤቱ እነግራለሁ። ጓደኞቼ «ሞኝ ነሽ» ይሉኛል፣ ይበሉ። አሮጊት ሴት በሻይ ገንዘብ ሸኝቶ እዚያው ቀን በይነመረብ ላይ የሚለጥፍ ሰው አውቃለሁ፣ ሰላምታ የለንም።

የተሻለውን ዘዴ ልንገራችሁ። «ሸክላው ይቅርልዎት፣ ለአንድ ሳምንት ያውሱኝና ወደ ፍላሽ ገልብጬ ልመልስልዎ» በሏቸው። ዓይናቸው ነው የሚያበራው። ማጫወቻው ከተበላሸ ጀምሮ ድምፁን አልሰሙትማ። ሸክላውን ከቅጂው ጋር ስትመልሱ ብዙ ጊዜ ደግመው ያበረክቱላችኋል፤ ባያበረክቱም ጎረቤት ይጠቁማሉ።

ሳጥኑ ሲከፈት

አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የአይጥ ኩስ ያለበት አቧራ ቀልድ አይደለም። ምንም ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሣጥኑ ሥር። አደራደሩ ራሱ ይናገራል፦ ፊት ያለው ዘወትር የሚሰማ፣ ከኋላ ያለው የተረሳ ነው።

ከዚያ አንድ በአንድ ዳሩንና መሃሉን ብቻ ይዛችሁ አውጡ። በነጠላችሁ ጫፍ እንዳትጠርጉት! ደረቅ አቧራ በጨርቅ ሲፈተግ አሸዋ ነው፣ ድምፁ የተቀዳበትን መስመር ይልጠዋል። ሽፋኑ ከሸክላው ጋር ከተጣበቀ አትታገሉት፣ ቤት ወስዳችሁ በቀስታ።

አሁን ማንበብ ጀምሩ። የወረቀት ሽፋኑ ላይ የሙዚቃ ቤት ማኅተም አለ? ስልኩ ስንት አሃዝ ነው? አምስት ወይም ስድስት አሃዝ ብቻ ከሆነ የድሮ ነው። የፖስታ ሣጥን ቁጥሩንና የሰፈሩን ስም መዝግቡ፤ ያ ሱቅ ዛሬ ባይኖርም አካባቢው የሚያውቀው ሽማግሌ አያጣም፣ ቀጣዩ ፍለጋችሁ ከዚያ ይጀምራል። መሃሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት የታተመበትን አገር ሊነግራችሁ ይችላል። ወረቀቱ ተልጦ ከሆነ፣ ዘፈኑ ባለቀበትና በወረቀቱ መካከል ያለውን ልሙጥ ቦታ ወደ መብራት አዘንብላችሁ እዩ፤ የተጫረ ቁጥር ታገኛላችሁ። የዐምሃ ትንንሾቹ «ኤ ኢ»፣ የኬይፋዎቹ «ኬ ኤፍ» በሚሉ የላቲን ፊደላት ይጀምራሉ። በእስክሪብቶ የተጻፈ የሰው ስም ካለ እንዳታጠፉት። ድግስ ላይ እንዳይቀያየር ነው የሚጻፈው፤ አንዳንዴ «ካነሳችሁ መልሱ» የሚልም አይጠፋም።

ማጠብና ማጫወት

እዚህ ላይ ሦስቱን ዓይነት መለየት ግድ ነው። ትንሹና መሃሉ ብዙ ጊዜ ሰፊ ቀዳዳ ያለው በደቂቃ 45 ይዞራል፣ በየገጹ አንድ ዘፈን ነው። ትልቁ ኤልፒ 33 ነው። ሦስተኛው የጥንቱ፣ ወፍራምና ከባድ፣ 78 የሚዞረው ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው የተቀዱት እንዲህ ባለው ላይ ነው። 78ቱ ከእጅ ካመለጠ እንደ ሰሃን ይሰበራል።

45ቱንና ኤልፒውን በዲስትልድ ውኃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ መስመሩን ተከትላችሁ አዙሩት። ከዚያ በንጹሕ ዲስትልድ አለቅልቁት። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተዋል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዲስትልድ ውኃ ይሠራል፤ አሲድ አለመሆኑን ብቻ አጣሩ፣ ሱቁ ሁለቱንም ነው የሚሸጠው። መሃሉ ያለውን ወረቀት አታርጥቡ። አቁሙትና በጥላ ይድረቅ።

78ቱን አልኮል በጭራሽ አታስነኩ። የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል። መርፌውም ይለያል፦ የ78 መስመር ከኋለኞቹ ሦስት እጥፍ ያህል ይሰፋል። በዘመናዊ መርፌ ካጫወታችሁት መርፌው መስመሩ ሥር ገብቶ አሸዋና ቆሻሻ ነው የሚያነበው።

አብሮ የተገኘውን የድሮ ማጫወቻ ወይም ራዲዮ ሶኬት ላይ ለመሰካት እጃችሁ ይበላችኋል፤ ታገሡ። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት መብራት ያላየ ካፓሲተር የሚባለው የውስጥ ዕቃ 220 ቮልት ሲመጣበት ሊፈነዳ ይችላል፣ አንዳንዴም ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚያውቅ ራዲዮ ጠጋኝ ይክፈተው። ሸክላውን ለመስማት ደህና ማጫወቻ ተዋሱ።

ሸክላ አይደራረብም፣ ይቆማል። ፀሐይ ያለበት መስኮት ሥር አይቀመጥም። መኪና ውስጥ በቀን ትታችሁት ምሳ እንዳትበሉ፣ በተለይ ድሬ ላይ፤ ስትመለሱ ጠርዙ ተቆልምሞ ነው የሚጠብቃችሁ። አውቶቡስ ላይ ጣሪያ አታስጭኑት፣ ጭናችሁ ላይ ይዛችሁት ግቡ።

ውጭ ላላችሁ

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች እኛን እየቀናችሁብን ይሆናል። ኧረ እኛ ነን የምንቀናው። በአብዮቱ ጊዜና ከዚያ በኋላ የወጡት ብዙዎች ሻንጣቸው ውስጥ ሸክላ ይዘው ነው የወጡት። የተወሰነው ዛሬ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤዝመንት ውስጥ፣ ከበረዶ ቡትስ አጠገብ ተቀምጧል። አጎታችሁ ቤት ስትሄዱ ቴሌቪዥኑን ተዉትና «ጋሼ፣ ቤዝመንት ላጽዳልዎ?» በሉ። ለቤት ጽዳት እምቢ የሚል ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም። ቤዝመንት ግን እርጥብ ነው፤ ሻጋታ ያለበትን ሽፋን ከደህናው ለይታችሁ በሌላ ላስቲክ ያዙ።

ከዚህ ወደዚያ ይዛችሁ ለመሄድ የምታስቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ያገኛችሁት ብርቅ ነገር ከመሰላችሁ፣ በተለይ 78ና በእጅ የተጻፈ ነገር፣ ቅርስ ባለሥልጣን ጠይቁ። ቅጂውን ግን በፍላሽ እንደልባችሁ ውሰዱ፤ ስትልኩልኝ ደግሞ የጀርባውን ገጽ እንዳትረሱ።